ጃምባቲስታ ቪኮ፤ ተረትን እንደ ታሪክ መዝገብ ያነበበው የናፖሊ መምህር

ተረት ለሕፃናት ማስተኛ ወይም ለሥራ ፈት ማጫወቻ የተፈጠረ ነገር ነው የሚል አስተያየት በተማሩ ሰዎች ዘንድ ከጥንት ጀምሮ ይገኛል። ሌሎች ደግሞ የጥንት ሕዝቦች ተረት ላዩ ቀላል ቢመስልም በውስጡ የፈላስፎች ረቂቅ ምሥጢር ሆን ተብሎ የተሸሸገበት ነው ይላሉ። የመጀመሪያው ወገን ተረትን ውሸት ያደርገዋል፤ ሁለተኛው ወገን እንቆቅልሽ ያደርገዋል። ሁለቱም እንደ ተሳሳቱ አስረድቶ፣ ተረት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ሃይማኖታቸውን፣ ሕጋቸውንና ታሪካቸውን የመዘገቡበት እውነተኛ ቋንቋ ነው ብሎ በሰፊው የጻፈ ሰው የናፖሊው ጃምባቲስታ ቪኮ ነው። ይህ ሰው በሕይወቱ ሳለ ከአገሩ ውጭ እምብዛም ሳይታወቅ፣ በአገሩም ውስጥ በሚገባ ሳይከበር ኖሮ ሞተ። የሕዝብ ጠባይና ክርክር፣ ውልና ገበያ በየዕለቱ ለሚገጥማቸው የአስተዳደርና የንግድ ሰዎች ግን ኑሮውም ሐሳቡም የሚጠቅም ስለ ሆነ ታሪኩን በአጭሩ እናቀርባለን።

ቪኮ በ1668 ዓመተ ምሕረት በጁን ወር በ23 ቀን በናፖሊ ከተማ ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። ናፖሊ በዚያ ጊዜ በእስፓኝ ንጉሥ እንደራሴ የምትገዛ ከተማ ነበረች። አባቱ አንቶኒዮ በመጻሕፍት ነጋዴዎች መንገድ አንዲት ትንሽ ሱቅ ነበረችው፤ ቪኮም ከስምንት ልጆቹ ስድስተኛው ነበረ። ሰባት ዓመት በሆነው ጊዜ ከመሰላል ላይ በራሱ ወድቆ የራስ ቅሉ ስለ ተሰበረ አምስት ሰዓት ያህል ነፍሱን ሳያውቅ ቈየ። ያየው ሐኪምም ልጁ ወይ ይሞታል፣ ቢድንም አእምሮው የጐደለ ይሆናል ሲል ተናገረ። ሕፃኑ ግን ከሦስት ዓመት ሕመም በኋላ ድኖ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ኀዘንተኛና ቍጡ ጠባይ እንደ ተከተለው ስለ ሕይወቱ በጻፈው መጽሐፍ ራሱ አስታውቋል።

ትምህርቱን በኢየሱሳውያን መነኮሳት ዘንድ ጀምሮ ነበር፤ ሆኖም ብዙ ሳይቈይ ትቶ ከአባቱ ቤት በሚገኙት መጻሕፍት ብቻውን መማርን መረጠ። እናቱ ከመጀመሪያው እንቅልፏ ነቅታ እንዲተኛ ትመክረው ነበር፤ ብዙ ጊዜም እስኪነጋ ድረስ ሲያነብ ታገኘው ነበር። ከዚያ የሕግ ትምህርት አጠና፤ በ16 ዓመቱም አባቱ በተከሰሰበት ነገር በዳኞች ፊት ቆሞ ተከራክሮ ረታለት። ነገር ግን የጠበቃነት ሥራ ከሰውነቱም ከጠባዩም ጋር ስላልተስማማው አልቀጠለበትም።

በ1686 ዓመተ ምሕረት ሮካ የሚባሉ መሳፍንት ልጆቻቸውን እንዲያስተምርላቸው ቀጠሩት። ከናፖሊ በስተደቡብ በቺሌንቶ ተራራማ አገር በምትገኘው ቫቶላ በተባለች መንደር ከቤተ ሰቡ ጋር እየተመላለሰ ዘጠኝ ዓመት አገለገለ። በዚያ በነበረው የፍራንቸስኮሳውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት ገብቶ የግሪክንና የሮማን ሊቃውንት አጠና። ከሁሉም በላይ ሁለቱን አከበረ፤ እነርሱም ሰው እንዴት መሆን እንደሚገባው ያስተማረው ፕላቶንና ሰው በእውነት እንዴት እንደሆነ የጻፈው ታቺቶ ናቸው። ሰውን እንደሚገባው ብቻ የሚያይ በሕልም ይገዛል፤ እንደሆነው ብቻ የሚያይም በተንኰል ይገዛል፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ ግን ጥበብ ነው የሚለው ሐሳብ ዕድሜውን ሁሉ አልተለየውም።

በ1695 ዓመተ ምሕረት ወደ ናፖሊ በተመለሰ ጊዜ ሊቃውንቱ ሁሉ የፈረንሳዊውን የዴካርትን ትምህርት ሲከተሉ አገኛቸው። ይህ ትምህርት እንደ ሒሳብ በግልጽ የማይረጋገጠውን ነገር ሁሉ ስለሚጠራጠር ታሪክን፣ የጥንት ቋንቋንና ቅኔን እንደ ዕውቀት አይቈጥራቸውም ነበር። ቪኮ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ሆነ። ነገር ግን ዝም አላለም፤ በ1710 ዓመተ ምሕረት ባሳተመው መጽሐፍ ሰው በእውነት ሊያውቀው የሚችለው ራሱ የሠራውን ነገር ነው የሚለውን መሠረታዊ ሐሳቡን ገለጸ። ኋላም ይህንኑ አስፋፍቶ፣ ተፈጥሮን የሠራት እግዚአብሔር ስለ ሆነ እርሱ ብቻ ፈጽሞ ያውቃታል፤ ሕግን፣ ጋብቻን፣ ከተማንና መንግሥትን ግን የሠሩት ሰዎች ስለ ሆኑ ሰዎች ሊያውቋቸው ይችላሉ ብሎ ደመደመ። ስለዚህ ታሪክ የተናቀ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የሰው ልጅ ዋና ዕውቀት ሊሆን ነው።

እንዲህ ያለውን ከፍ ያለ ነገር የሚያስበው ሰው ኑሮው ዝቅተኛ ነበረ። በ1699 ዓመተ ምሕረት በናፖሊ ዩኒቨርሲቲ የንግግር ጥበብ መምህር ሆኖ ተሾመ፤ ደመወዙ ግን በዓመት 100 ዱካት ብቻ ነበረ። በዚያው ዓመት ጽሕፈት የማታውቀውን ቴሬዛ ዴስቲቶን አግብቶ ስምንት ልጆች ወለደ። ደመወዙ ስለማይበቃው በቤቱ ተማሪዎችን ያስተምር፣ ለመኳንንቱ ሠርግ ቅኔ፣ ለመቃብራቸውም የድንጋይ ላይ ጽሕፈት ያዘጋጅ ነበር። ካራፋ ስለሚባል የጦር አለቃ የጻፈው የሕይወት ታሪክ በ1716 ዓመተ ምሕረት ሲታተም ባገኘው ገንዘብ ሴት ልጁን ዳረበት።

ተስፋው የሕግ ትምህርት ወንበር ነበረ፤ ምክንያቱም ያ ወንበር በዓመት 600 ዱካት ያስገኝ ነበር። በ1723 ዓመተ ምሕረት ወንበሩ ክፍት ሆኖ ውድድር በተደረገ ጊዜ ቪኮ ለዚሁ ዝግጅት ይሆን ዘንድ ስለ ሕግ ምንጭ ትላልቅ መጻሕፍት አሳትሞ ነበር። ትምህርቱንም በዳኞቹ ፊት በሚያስመሰግን ሁኔታ አቀረበ። ነገር ግን የዳኞቹ ድምፅ አስቀድሞ በወገንተኝነት መከፋፈሉን ስለ ተረዳ ከውድድሩ ራሱን አገለለ፤ ወንበሩም ለሌላ ተሰጠ። ዕድሜው በዚያን ጊዜ ወደ 55 ዓመት ይጠጋ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ነገር ያደክመው ነበር፤ እርሱ ግን ከእንግዲህ ሹመት የማይጠብቅ ሰው እንደሚሆነው ሁሉ ነጻ ሆነ። በላቲን ለዳኞች መጻፉን ትቶ በአገሩ በኢጣልያንኛ ቋንቋ ታላቁን መጽሐፉን ለመጻፍ ተቀመጠ።

መጽሐፉ አልቆ በ1725 ዓመተ ምሕረት ሊታተም በቀረበ ጊዜ ሌላ መከራ ደረሰበት። የማተሚያውን ገንዘብ ሊሰጡት የነበሩት ካርዲናል ኮርሲኒ ገንዘብ እንደማይችሉ አስታወቁት። ቪኮም በጣቱ የነበረውን የአልማዝ ቀለበት ሸጠ፤ ቀለበቱም ሰፊውን ድርሳን ለማሳተም ስላልበቃ መጽሐፉን ከሥሩ አሳጥሮ እንደ ገና ጻፈው። አዲስ ሳይንስ የሚባለው መጽሐፍ በዚህ አኳኋን ወጣ። ከዚያም በ1730 ዓመተ ምሕረት ፈጽሞ ለውጦ አሳተመው፤ እስከ ሞተበትም ቀን ድረስ ሲያርመው ኖረ።

አሁን መጽሐፉ የሚያስተምረውን እንመልከት። ቪኮ እንደሚለው፣ ከጥፋት ውኃ በኋላ አሕዛብ ቋንቋቸውንና ሥርዓታቸውን ረስተው በታላቁ የምድር ጫካ ውስጥ እንደ አራዊት ይንከራተቱ ነበር። ምድሪቱ ደርቃ የመጀመሪያው መብረቅ በበረቀ ጊዜ ደነገጡ። ምክንያቱን ስለማያውቁና ሰው የማያውቀውን ነገር ሁሉ በራሱ አምሳል ስለሚገምት፣ ሰማይ በቍጣ የሚናገራቸው ሕይወት ያለው ታላቅ አካል መሰላቸው፤ ጁፒተር ወይም ዜውስ የተባለው ጣዖት በዚህ ተፈጠረ። ከፍርሃትም የተነሣ መንከራተትን ትተው ወደ ዋሻ ገቡ፤ በሰማይ ፊት ማፈር ስለ ጀመሩ እያንዳንዱ አንዲት ሴት ይዞ ተቀመጠ፤ የሞቱትንም ሜዳ ላይ ከመጣል በአጠገባቸው መቅበር ጀመሩ። በዓለም ላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ፣ ሠለጠነም አልሠለጠነም፣ ሦስት ነገሮችን ይጠብቃል ይላል፤ እነርሱም ሃይማኖት፣ ጋብቻና የሙታን ቀብር ናቸው። ቪኮ የዕብራውያንን ታሪክና ቅዱሳት መጻሕፍትን ከዚህ ለይቶ በክብር ያስቀምጣቸዋል፤ የአሕዛብን መንገድ ግን መግቦተ እግዚአብሔር በገዛ ፍርሃታቸውና በገዛ ፍላጎታቸው አማካይነት ይመራው ነበር ብሎ ያምናል።

እነዚያ ሰዎች ረቂቅ ቃል አልነበራቸውም። ስለ ጀግንነት በጠቅላላው ለመናገር በፈለጉ ጊዜ አኪሌስን ይጠሩ ነበር፤ ስለ ብልሃት ሁሉ ኦዲሴዎስን፣ ግብፃውያንም ለኑሮ የሚጠቅም የጥበብ ግኝትን ሁሉ ለሄርሜስ ይሰጡ ነበር። ስለዚህ በተረት የምናገኘው ታላቅ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደለም፤ በእርሱ ስም የብዙ ሰዎች ሥራ የተከማቸበት አርአያ ነው። ልጅ ያየውን ሽማግሌ ሁሉ አባባ ብሎ እንደሚጠራ፣ የዓለምም ልጅነት እንዲሁ አንዱን ስም ለሚመሳሰሉት ሁሉ ይሰጥ ነበር። ይህን ቍልፍ ለማግኘት ቪኮ 20 ዓመት ያህል እንደ ደከመ ይናገራል።

ቍልፉ ከተገኘ በኋላ ተረቶቹ አንድ በአንድ ይከፈታሉ። ሄርኩሌስ በኔሜያ ጫካ እሳት የሚተፋውን አንበሳ ገደለ ሲባል፣ አንበሳው ጫካው ራሱ ነው፤ ይኸውም የመጀመሪያዎቹ አባቶች ደኑን በእሳት መንጥረው ማረሻ መሬት ማውጣታቸውን የሚያመለክት ነው። ከሩቅ አገር የመጣው የወርቅ ፖምም ሌላ ሳይሆን የእህል ዛላ ነው፤ ወርቅ የተባለ ማዕድን ሳይታወቅ በፊት ሰዎች በብጫ ቀለሙ የሚወዱት ሀብት ስንዴ ነበርና። የጥንቱ የመሥዋዕት ስፍራ ሁሉ በታረሰ መሬት ላይ የቆመ ነው። ከኃይለኞች ጥቃት ሸሽተው ወደ እነዚህ እርሻዎች የተጠጉትን ደካሞች ጌቶቹ እንደ ገባር አድርገው ያዟቸው፤ ከብዙ ዘመንም በኋላ ገባሮቹ መሬት፣ ሕጋዊ ጋብቻና ሹመት ይገባናል ብለው ተነሡ። የሮማ መኳንንትና የተራው ሕዝብ ረጅም ክርክር፣ የአማልክትም ጠብ የሚባለው ብዙው፣ ከዚህ የመነጨ ነው ይላል።

ሰዎች በቃል ከመናገራቸው በፊት በዕቃ ይነጋገሩ እንደ ነበር ለማስረዳት የእስኩቴስን ንጉሥ ታሪክ ያነሣል። የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ጦርነት ባወጀበት ጊዜ ይህ ንጉሥ እንቍራሪት፣ አይጥ፣ ወፍ፣ ማረሻና ቀስት ላከለት። እንደ ቪኮ አተረጓጐም መልእክቱ የመብት ማስረጃ ነበር፤ እንቍራሪቷ ከምድሪቱ መወለዱን፣ አይጧ በተወለደበት ቤት መሥራቱን፣ ወፏ ከሰማይ በቀር የበላይ የሌለው መሆኑን፣ ማረሻው መሬቱን አርሶ የራሱ ማድረጉን፣ ቀስቱ መሬቱን የሚጠብቅበት ኃይል ያለው መሆኑን ያስረዳሉ። የጥንት ግሪኮች ከግብፅ በላይ ያለውን አገር ኢትዮጵያ ይሉት ነበር፤ ቪኮም የዚያ አገር ሰዎች የእጅ ሥራ መሣሪያዎችን እንደ ጽሕፈት ምልክት ይጠቀሙባቸው እንደ ነበር ከእነርሱ መጻሕፍት ወስዶ ጠቅሷል።

ከዚህም የተነሣ ለሕዝቦች ሁሉ የጋራ የሆነ የልቡና መዝገበ ቃላት አለ ይላል፤ ቋንቋው ይለያያል እንጂ የሚነገረው የኑሮ ጉዳይ አንድ ነው። ምስክሩ ምሳሌያዊ አነጋገር ነው። ለምሳሌ የእኛ አገር ሰው የድር ማበርና የአንበሳ መታሰር የሚለውን፣ ኢጣልያዊው ደግሞ አንድነት ኃይልን ይፈጥራል የሚለውን ነገር አንዱ ከሌላው ሳይማር ያገኘዋል። በአስተርጓሚነት ሥራ የኖረ ሰው የዚህን አባባል እውነትነት በየቀኑ ያየዋል፤ ቃል በቃል ያልተገናኙት ሁለት ቋንቋዎች በጉዳዩ ላይ ሲገናኙ ነው ትርጕም የሚቃናው።

ስለ ሆሜርም የሰጠው ፍርድ በዘመኑ እጅግ ደፋር ነበረ። የግሪክ ከተሞች ሁሉ ማለት ይቻላል ሆሜር የእኛ ተወላጅ ነው እያሉ የተከራከሩት የግሪክ ሕዝብ ራሱ ሆሜር ስለ ሆነ ነው አለ። ኢሊያድ የግሪክ ጕርምስና፣ ኦዲሴይ የግሪክ ሽምግልና ነው፤ የሆሜር ዕውርነትና ድኽነትም በየግብዣው እየዞሩ የሚያዜሙ የዕውራን አዝማሪዎች መልክ ነው። በ1795 ዓመተ ምሕረት ጀርመናዊው ቮልፍ ተመሳሳይ ሐሳብ አቅርቦ ሊቃውንትን አነጋገረ። በ1930ዎቹ ዓመታትም አሜሪካዊው ሚልማን ፓሪ በዩጎዝላቭያ የነበሩ መሃይም አዝማሪዎች ረጃጅም ግጥም በቃላቸው እንዴት እንደሚያወርዱ በማጥናት፣ የሆሜር ቅኔ ከአፍ ወደ አፍ ከተላለፈ የአዘማመር ሙያ እንደ መነጨ አስረዳ።

በ1730ው እትም መግቢያ ቪኮ የመጽሐፉን ፍሬ ነገር በአንድ ሥዕል አስቀርጾታል። በሥዕሉ ላይ ከመሠዊያው፣ ከመቃብር ማድጋው፣ ከማረሻውና ከመርከብ መቅዘፊያው ጋር የገንዘብ ከረጢትና ሚዛን ይታያሉ። ከረጢቱ በገንዘብ የሚደረግ ንግድ መንግሥታት ከተመሠረቱ በኋላ ዘግይቶ መምጣቱን፣ ሚዛኑም ከመኳንንት አገዛዝ በኋላ የእኩልነት አገዛዝ መከተሉን ያመለክታል። ይህ ተከታታይነት የሦስቱ ዘመናት ትምህርት ነው፤ አስቀድሞ ሰዎች አማልክት ይገዙናል የሚሉበት ዘመን፣ ቀጥሎ የጀግኖችና የመኳንንት ዘመን፣ በመጨረሻም ሁሉ በሕግ ፊት እኩል የሚሆንበት የሰዎች ዘመን ይመጣል።

ይሁን እንጂ ሦስተኛው ዘመን ለዘለዓለም አይጸናም። ሰዎች በትምህርት ረቅቀው፣ ለራሳቸው ጥቅም ብቻ እያሰቡ፣ በሕዝብ መካከል ሆነው እያንዳንዱ ብቻውን ሲኖር ሁለተኛ አረመኔነት ይጀምራል። የመጀመሪያው አረመኔ በግልጽ ስለሚመጣ ሰው ሊጠነቀቀው ይችላል፤ የተማረው አረመኔ ግን እያቀፈ ይገድላል። ያን ጊዜ ከተማው ይፈርስና ነገር ከሥሩ እንደ ገና ይጀምራል። ከሮማ ውድቀት በኋላ በኤውሮጳ የሆነው ይኸው ነው ብሎ ያምናል።

የቪኮ የመጨረሻ ዘመን ሀብታም አልነበረም። በ1734 ዓመተ ምሕረት ናፖሊን የያዘው የቡርቦን ንጉሥ ካርሎ በተከታዩ ዓመት የንጉሥ ታሪክ ጸሐፊ አድርጎ ሾመው። በቤቱ ግን ታማሚ ሴት ልጅና በክፉ ጠባዩ ያስቸገረው ወንድ ልጅ ነበሩ። ወንዱን ልጅ ለሹማምንት አሳልፎ ሊሰጥ ተገዶ፣ ወታደሮቹ ወደ ቤቱ ሲወጡ ባየ ጊዜ ግን አባትነቱ አሸንፎት ልጁን እንዲያመልጥ እንደ ነገረው ይተረካል። በ1741 ዓመተ ምሕረት ወንበሩን ለሌላው ልጁ ለጄናሮ ተወለት። በ1744 ዓመተ ምሕረት በጃንዩዌሪ ወር በ23 ቀን በ75 ዓመቱ ሞተ። በቀብሩ ዕለትም የማኅበሩ ሰዎችና የዩኒቨርሲቲው መምህራን አስከሬኑን የምንሸከም እኛ ነን በሚል ተጣልተው የማኅበሩ ሰዎች ትተውት ስለ ሄዱ፣ ሬሳው ወደ ቤቱ ተመልሶ በማግሥቱ በጂሮላሚኒ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። በሕይወቱ ያልተሰጠውን ክብር በሞቱ የተጣሉበት ሰው ነው። የመጨረሻው የመጽሐፉ እትም ከጥቂት ወራት በኋላ ወጣ።

ዝናው የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1787 ዓመተ ምሕረት ጀርመናዊው ጎይቴ ናፖሊን ሲጐበኝ መጽሐፉን አሳዩት፤ በ1827 ዓመተ ምሕረት ሚሽሌ ወደ ፈረንሳይኛ አሳጥሮ መለሰው፤ በ1911 ዓመተ ምሕረት ቤኔዴቶ ክሮቼ ስለ ፍልስፍናው ሰፊ መጽሐፍ አወጣ፤ በ1939 ዓመተ ምሕረትም አየርላንዳዊው ጀምስ ጆይስ የመጨረሻ ልብ ወለዱን በዘመናቱ ዙር ላይ መሠረተው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የስዊሱ ሐኪም ዩንግ ስለ አርአያዎች ሲያስተምር ምንጫቸውን በሰው ነፍስ ጥልቀት ውስጥ ፈለገ። ቪኮ ግን ብዙ ሰዎች አብረው በኖሩበት፣ ባረሱበት፣ በተዳኙበትና በቀበሩበት ሥፍራ ነው የፈለጋቸው።

እርግጥ ነው፤ ቪኮ ካስተማረው ውስጥ ዛሬ የማይቆም ብዙ ነገር አለ። የጥንት ሰዎች ግዙፋን ነበሩ ማለቱና ከቃላት ድምፅ መመሳሰል የተነሣ የሰጣቸው አብዛኞቹ የቃላት ትርጓሜዎች በኋለኛው ዘመን ምርምር አልተደገፉም። የቆመው ግን አካሄዱ ነው። እያንዳንዱ ሕዝብ ከሁሉ የቀደምሁ እኔ ነኝ ብሎ ይታበያል፤ እያንዳንዱ ሊቅም የማውቀው ሁሉ ከዓለም ጋር አብሮ የተፈጠረ ነው ብሎ ይታበያል። ተረትን በትክክል ለማንበብ ሁለቱንም ትምክሕቶች ማስወገድ ያስፈልጋል።

የርስት ክርክር ቀርቦለት ባለ ጉዳዩ አያቴ ይህን ጫካ መንጥሮ አውሬውን ገድሎ ሲል፣ ወደ ነገርህ ግባ ብሎ የሚያቋርጠው ዳኛ የነገሩን ሥር አቋረጠ፤ ሰውየው የሚናገረው የመሬቱን ማስረጃ ነውና። ወደ ሩቅ ገበያ የሄደ ነጋዴም የአገሩ ሰው በምን እንደሚምልና ምን እንደሚፈራ ሳያውቅ ውል ቢዋዋል በወረቀት እንጂ በሰው አልተዋዋለም። አገዛዝ ከሚገዙት ሰዎች ጠባይ ጋር መስማማት አለበት የሚለው የቪኮ ምክር ከዚህ የራቀ አይደለም። የሕዝብ ጠባይ ደግሞ ከሕግ መጽሐፍ በፊት የተጻፈው በተረቱ ውስጥ ነው። የመጽሐፍ ሻጩ ልጅ ቀለበቱን ሸጦ ያሳተመው ነገር ይህ ነው።